ከዘሐራ ጽሑፍ ያስወጣሁት ገጽ

በ2010 ዓ.ም. በጋ፣ እዚህ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት በሚነቀልበት ወቅት፣ አንዲት ልጅ የጻፈችውን እውነት ሐሰት ነው አልኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ጾም የሻርኩበትን፣ ሰው ያማሁበትን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን ከኃጢአት አልቆጠርኩትም ነበር። ከላይ ሲያዩት ምስጋና ይመስላልና።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ልጄ ሰላማዊት በወባ ሞተችብኝ። ለቅሶ የመጣው ሰው ጥንካሬዬን አደነቀ። አልጮህኩም፣ ፊቴን አልነጨሁም። ዐርባዋ ወጥቶ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲመለስ ግን ጓሮ ማንጎው ሥር ቆሜ አምላኬን “ከእንግዲህ አላናግርህም” አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ከዚያም በኋላ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን መሄዴን አልተውኩም። ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ውስጤ ግን ጭጭ ብሏል።

በከተማችን መጽሐፍ የሚያነቡ ወጣቶች ማኅበር አላቸው። ሰላማዊትም አባል ነበረች። በየዓመቱ ከአካባቢው ጸሐፊዎች አንዱን ይሸልማሉ፤ ሽልማቱ ጽሑፉን ማሳተም ነው። ዳኞቹ ሁለት መምህራንና አንድ ተራ አንባቢ ናቸው። ያን ዓመት አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። ልጄን ለማሰብ ብለው ነው የመረጡኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ከቀረቡት ጽሑፎች አንዱ የዘሐራ ነበር። ዘሐራ የሰላማዊት ጓደኛ ናት፤ አባቷ ገበያው ዳር ማሾና ሰሊጥ ይነግዳሉ። የጻፈችው ልጇ ስለሞተባት እናት ነው። እናቲቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ፈጣሪዋን “ካንተ ጋር ተኳርፈናል” ትለዋለች። ይህን ሁለት ጊዜ መላልሼ አነበብኩት። ማን ነገራት? ማንም። ከልቧ አውጥታ ነው የጻፈችው። እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ትቆጣዋለች፣ ትወቅሰዋለች፤ አንድ ቀን ግን ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ መንገድ ላይ ትቆማለች። ስትቆጣው መዋሏ ለካ ማናገሯ ነበር።

ሽንኩርት የሞላው ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ልጄ ከሞተች ያን ቀን ገና ማልቀሴ ነበር። ከዚያ አምላኬን “ሰማኸኝ?” አልኩት። አፌ ተፈታ። ስንት ሰው ሊያጽናናኝ መጥቶ ያልሆነለትን የዘሐራ አንድ ገጽ አደረገው። ተመስገን።

የሽልማቱ ቀን አዳራሹ ሙሉ ነበር። የጽዋ ማኅበሬ እናቶች ከፊት ተቀምጠዋል። አንደኛው መምህር ቀልደኛ ነው፤ “እኛን መምህራኑን ማስለቀስ ቀላል ነው፣ ደመወዛችንን ማንሳት ብቻ ነው። ዋናዋ ዳኛ እትዬ አስካለ ናቸው” አለና ሰውን አሳቀው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “እኛ ስለ አጻጻፉ ተናግረናል። እርስዎ ያነበቡት ምን እንዳደረገልዎ ብቻ ይንገሩን” አለኝ።

ምን እንዳደረገልኝ ብቻ። ሌላ ምን ተጠየቅሁ? የማኅበሬን እናቶች አየሁ። ይህ እውነት ነው ብል፣ አንቺ በምን አወቅሽ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ተነስቼም “እናት እንዲህ አትልም። ልጅ የሞተባት ታውቀዋለች። ይሄ ሐሰት ነው” አልኩ።

ከእኔ ጋር ማን ይከራከራል? የልጄን ሞት ምስክር አድርጌ ቆጠርኩት። ሽልማቱ ለሌላ ተሰጠ። ዘሐራ በሻርፗ ጫፍ አፏን ይዛ አየችኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ጽሑፏን አርማ መጣች፤ አሸነፈች። ካባ ለበሰች፣ መጽሐፏ ታተመ፣ ሽፋኑ ላይ “ተሸላሚ” ተባለበት። እኔም አጨበጨብኩ። አጨበጨብኩ!

ሽልማት ለጸሐፊው ደስታ ነው። ለአንባቢውስ? ዛሬ ነው የገባኝ። ጉልበት ያጣ ሰው መጽሐፍ መርጦ አያነብም፤ የታመነ ነው ያሉትን ይቀበላል። ጎረቤቴ እታገኝ እንዲያ ሆነች። ባለፈው ዓመት ልጇ ከደብረ ሲና ሲወርድ መኪና ተገልብጦ ሞተባት። ተሸላሚ ነው፣ ያጽናናሻል ብለው የዘሐራን መጽሐፍ ሰጧት። አንብባ ስትጨርስ እኔ ጋ ይዛው መጣች።

“አስኩዬ፣ ይቺ እናት ልጇን ቀብራ አመሰገነች። የተሸለመው ልክ ቢሆን ነው አይደል? እኔ ግን አቃተኝ። እኔ ምን ዓይነት እናት ነኝ?”

ያን ጊዜ ምላሴ የት ነበር? ዝም አልኩ። መጽሐፉን ተቀብዬ ሸኘኋት። እታገኝ ከዚያ ወዲህ ደጀ ሰላም አልረገጠችም። ምግብ ለምነዋት እንኳ በቅጡ አትቀምስም። እኔን ያነሳኝ ገጽ እሷንም ባነሳት ነበር፤ ግን የለም። አጣዬ ከተማ አግብታ ለሄደችው ለዘሐራ ስልክ ደውዬ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ለመንኳት። ሳቀች። “ያኔውኑ ቀድጄ ጣልኩት እኮ እትዬ! እርስዎ ካረሙልኝ በኋላ ምን ያደርግልኛል?” አለችኝ።

ለእታገኝ ልነግራት ደጃፏ እየደረስኩ እመለሳለሁ። ብነግራትስ ማንን ታምናለች? እኔን ወይስ ከተማ ያጨበጨበለትን መጽሐፍ? ጌታዬ ሆይ፣ ምን ላድርግ? እኔን ስታነሳኝ ለብቻዬ አልነበረም እኮ። ለሷም አሻግሬ እንድሰጥ ነበር። እኔ አስቀረሁት።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የሚችሉት ዘሐራና እታገኝ ናቸው፤ ሁለቱም መበደላቸውን አያውቁም። ሰው ፊት ደንግጬ ነው ብዬ እንዳላመካኝም፣ አዳራሹ ውስጥ ሐሰት ነው ባልኩ ማግስት ጠዋት ያደረግሁትን ልናገር።

ከኪዳን ስመለስ ዘሐራ በራፌ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ጽሑፏን ታቅፋለች። ዓይኗ አብጧል።

“እትዬ፣ የቱ ጋ ነው የዋሸሁት? ያሳዩኝ። ወላሂ አልቀየምም” አለችኝ።

ማንም አልነበረም። የማኅበሬ እናቶች አልነበሩም። እሷና እኔ ብቻ ነበርን። አስገብቼ አስቀመጥኳት። ገጹን ገልጬ፣ ያስለቀሰኝን ቦታ በጣቴ ነካሁት።

“ይሄን አውጪው” አልኳት።

“ምን ላስገባበት?”

“ታመስግን።”

“እንዴት ብላ?”

ነገርኳት። ቃል በቃል እየነገርኳት ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ አነበበችልኝና “አሁን እውነት ሆነ?” አለችኝ።

“ሆነ” አልኳት።

እጄን ስማ ተነሳች። እኔም መረቅኋት።