አባባ ያልተከራከረለት ተከላካይ

አባባ ከኳስ ጨዋታው ይልቅ ከጨዋታው በኋላ ያለውን ክርክር ይወድ ነበር። እኔ ሁለቱንም አልወድም። ግን ሻይ ቤቴ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ስለነበረች ክርክሩ የሚካሄደው እኔው ዘንድ ነው። ኳስ በእግራቸው ነክተው የማያውቁ ወንዶች ሁሉ አሰልጣኝ ሆነው ሲያመሹ፣ ብርጭቆ የማጥበው እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የሆነው አቃቂ ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ። አባባ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል ፎርማን ነበር። ፋብሪካው ሊሸጥ ነው፣ ሠራተኛ ሊቀነስ ነው የሚለው ወሬ በየቀኑ አዲስ ሆኖ ይመጣል። የፋብሪካው ቡድን ግን ገና አልፈረሰም። ዛሬ ደርቢ የሚሉትን እኛ «የሳሪሶቹ ጨዋታ» እንለው ነበር። ሳሪስ በኩል ካለው ሌላ ፋብሪካ ቡድን ጋር በተገናኘን ሳምንት ሰው የቅነሳውን ወሬ እንኳ ይረሳዋል።

የተሸነፍን ቀን ክርክሩ ሥርዓት አለው። የሽመና መኪና የሚጠግነው መካኒክ ጠረጴዛዬ ላይ ቆርኪ ይደረድራል፤ የለስላሳው ቆርኪ የእኛ ልጆች ናቸው፣ የቢራው የእነሱ። ጎሉ እንዴት እንደገባ በቆርኪ እየታየ አንድ ጥፋተኛ ይመረጣል። ከዚያ ሁሉም የሆዱን ይናገርበታል። ተጫዋቾቹ ቢኖሩም ስለራሳቸው አይናገሩም፤ ደንቡ ነው። በመጨረሻ አባባ ይነሳና ለጥፋተኛው ይከራከርለታል። መቼ እንደተጀመረ አላውቅም፣ ብቻ ሁሌም ጠበቃው እሱ ነው። እሱ ሳይናገር ማንም ተነስቶ ወደ ቤቱ አይሄድም።

ደግሞ ይችልበታል። አንድ ጊዜ በረኛችን እጁ የገባች ኳስ አምልጣው ተሸነፍን። አባባ ብድግ አለና፣ «ለመሆኑ ያን ጎል ፊቱን ወደ ፀሐይ መጥለቂያ አዙሮ የተከለው ማነው? እሱ ነው? እናንተው አይደላችሁም እንዴ እሁድ እሁድ ስትቆፍሩ የነበራችሁት?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው። ፍጹም ቅጣት ምት ለሳተው አጥቂ ሲከራከር ግን አልቀለደም። ልጁ ሌሊቱን ፈረቃ ሠርቶ፣ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ሜዳ እንደገባ ተናገረ። ሲወቅሱት ያመሹት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ።

ቀልድ ብቻ ግን አልነበረም። የቡድን መሪው እዚያው ጠረጴዛ ጥግ ይቀመጣል፤ የሰማውን ለአሰልጣኙ ያደርሳል። ተጫዋቾቹ ደግሞ በኳሳቸው የተቀጠሩ ናቸው። በዚያ የቅነሳ ዘመን ከቡድኑ የወጣ ልጅ ከፋብሪካውም መውጣቱ እንደማይቀር ሁሉም ያውቃል። የአባባ ክርክር የስንቱን እንጀራ እንዳቆየ እኔ ነኝ የማውቀው።

ታናሽ ወንድሜ የግራ ተከላካይ ነበር፣ ሦስት ቁጥር። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ስለሆንኩ ስለሱ ሳወራ ሚዛን የለኝም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር።

ነገሩ የሆነው በአንድ የሳሪሶቹ ጨዋታ ቀን ነው፤ ጨዋታውን አላየሁም። ሜዳው ቅርብ ስለሆነ ግን ጩኸቱ ይሰማኛል። እኛ ስናገባ ጩኸቱ ይቆያል፣ እነሱ ሲያገቡ ቶሎ ያበቃል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የሰማሁት ቶሎ አበቃ። ትንሽ ቆይቶ ወንድሜ በጓሮ በር ገባና ጓዳ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ጭቃውን እንኳ አልታጠበም። ሽሮ አቀረብኩለት።

«በኔ በኩል ገባ» አለኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አሰልጣኙ ነው ሂድ ያለኝ። ዳር ቆሞ ሂድ፣ ሂድ እያለ ይጮህብኛል። ስወጣ የኔን ቦታ የሚሸፍነው ልጅ አልተመለሰም።»

«ታዲያ ይህንኑ አትነግራቸውም?»

«እኔ ምን አገባኝ፣ አባባ አለ አይደል? ከአሰልጣኙ ጀርባ ነበር የቆመው። ሁሉንም ሰምቷል።» ይህን ብሎ መብላት ጀመረ። ተርቦ ነበር።

ከመጋረጃው ወዲያ ቤቱ ሞልቷል። መካኒኩ ቆርኪውን ደርድሮ አንዷን ወደፊት ገፋት። «ይቺ ሦስት ቁጥር ናት። ቤቷን ክፍት ጥላ ገበያ ወጣች። ሌባው ምን ያድርግ? ገባ!» አለ። ሰው ሳቀ። ከጎኔ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ነጋዴ ብቻ፣ «ልጁ እኮ ሙሉ ቀን ሲሮጥ ነበር፣ ወላሂ፤ ሰው ነው እንጂ መኪና ነው እንዴ?» ብለው ሊያበርዱት ሞከሩ። የሚሰማቸው አላገኙም። አንዱ ልጁ ቀርፋፋ ነው ይላል፣ ሌላው ወጥቶ መመለስ አያውቅም ይላል። ተናግረው ሲጨርሱ መካኒኩ ወደ አባባ ዞረ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ተራዎ ነው። ዛሬስ ለደምዎ ነው፤ ድምፅዎ ሳይጨምር አይቀርም!»

በክፋት አልነበረም። መካኒኩ እንዲሁ አፉ አያርፍም። ግን ሳቁ ቤቱን ሲሞላው በመጋረጃው ቀዳዳ የአባባን ፊት አየሁት፤ ጠቁሯል። ወንድሜ የጠቀለላትን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሶ አስቀምጦ ወደ መጋረጃው ተጠጋ። ፈገግ ብሎ ነበር። የአባባን ክርክር ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል፤ አሁን የራሱን ሊሰማ ነው።

አባባ ተነሳ። ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆርኪዎቹን ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ያቺን አንዷን አነሳና ከጨዋታው አወጣት።

«ጥፋቱ የሱ ነው» አለ። «የምከራከርለት ነገር የለኝም። ልጄ ስለሆነ አላዳላም።»

ተቀመጠ። የሳቀ የለም። የቡድን መሪው ብርጭቆውን አተኩሮ ያያል።

ወንድሜን ዞሬ ለማየት ድፍረት አጣሁ። እጁን ሲታጠብ ውሃው ተሰማኝ፣ ቀጥሎ የጓሮው በር። ያኔ ደሜ ፈላና መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። «አሰልጣኙ ነው ሂድ ያለው! አባባ፣ አንተ ከኋላው ቆመህ አልሰማህም?» ብዬ ጮህኩ።

«እህት አይደለሽ፣ ምን ትበይ» አለኝ መካኒኩ፣ አሁን ለስለስ ብሎ።

አባባ ቀና ብሎ አላየኝም። «አንቺ ሻይሽን ቅጂ» አለ።

በሚቀጥለው ጨዋታ ወንድሜ አልተሰለፈም፤ ከዚያ በኋላ በነበረውም። ቅነሳው የመጣ ጊዜ ከቡድኑ የወጡት ልጆች ቀድመው ተሰናበቱ። ወንድሜ የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ገባና ከቤት ወጣ። ለዓመት በዓል ይመጣል፤ የአባባን ጉልበት ይስማል፣ ስለ ጎማና ስለ ሙቀት ያወራሉ። ስለ ኳስ አንድም ቀን አላነሱም። እኔ በዚህ አባባን ተቀይሜዋለሁ። ምግቡን እያቀረብኩ፣ ልብሱን እያጠብኩ ተቀይሜዋለሁ። አባባም ከዚያ ወዲህ ለማንም ተነስቶ አልተከራከረም። «ተራዎ ነው ጋሼ» ሲሉት ጉሮሮውን እንዳመመው ይነግራቸዋል። ጠበቃ የሌለው ክርክር ደግሞ ስድብ ብቻ ሆነ፤ ሰዉም እየሳሳ ሄደ። ኋላ ፋብሪካው ተሸጠ፣ ቡድኑም ፈረሰ።

ብዙ ዓመት አለፈ። ገላን ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣልኝ አባባን ይዤ ገባሁ። እግሩ አልታዘዝ ብሎት ነበር፤ የሚውለው ሶፋው ላይ ነው። አንድ እሁድ ወንድሜ መጣ። አሁን ሾፌር ሆኗል፣ ፀጉሩም ሸብቷል። በዲሽ የእንግሊዞች ጨዋታ ይተላለፋል፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ያያሉ። አንድ የግራ ተከላካይ ወደፊት ሄዶ ሳይመለስ በሱ በኩል ጎል ገባ። ቴሌቪዥኑ እየደጋገመ ያሳያል። ልዘጋው ሪሞቱን ፈለግሁ፣ አጣሁት።

«እሱ ምን ያድርግ» አለ አባባ። በደከመው ድምፁ ውስጥ ያ የድሮው ክርክር ነበር። «መሸፈን የነበረበት የመሃሉ ልጅ ነው። ይኸው፣ ተመልከት፣ እየተራመደ ነው የሚመለሰው።»

ወንድሜ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብሎ ተመለከተ።

«ያን ቀን አሰልጣኙ ሂድ ሲልህ ሰምቻለሁ» አለ አባባ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ። «መካኒኩ ለደምህ ነው ሲለኝ ግን አፌ ተያዘ። የጎረቤት ልጅ ብትሆን ኖሮ እስኪመሽ እከራከርልህ ነበር።»

«አውቃለሁ አባባ» አለ ወንድሜ። ቁጣ የለውም። «እኔም መጋረጃው ጋ ቆሜ፣ ምነው የጎረቤት ልጅ በሆንኩ ስል ነበር።»

አባባ ያኔ ፊቱን ወደሱ አዞረ። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን አያውቅም ነበር፤ እኔም ነግሬው አላውቅም።

«እዚያ ነበርክ?» አለው።