ማንም አላማረረም

ትናንት ወደ ባልባላ ሰፈር ስንሄድ ሚኒባስ ውስጥ ኢንተርኔት ጠፋ። ሰው ሁሉ ስልኩን እንደ ክብሪት ቀፎ ይነቀንቃል። እኔ ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ታናሽ እህቴ ሙሉ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «ሙሴ ተመልሶ መጣ እንዴ?» አለች።

ሙሴ፣ በፈረንሳይኛ «ጌታዬ»፣ የምንለው የድሮ አሠሪዬን ነው፤ ፈረንሳዊ ተመራማሪ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሄሮን በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር እሱ ቤት በሠራተኝነት ስገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኢንተርኔት ላይ መንገድ የሚመሩ ማሽኖች አሉ፤ ሙሴ መልእክት ይልክባቸውና በየት በኩል እንደሚያሳልፉት ይከታተላል። አንድ ቀን ቁርስ ላይ «ዛሬ መልእክቱ ላይ አዲስ ምልክት እጨምራለሁ!» አለኝ፣ ዳቦው አፉ ውስጥ እንዳለ።

ሐምሌ ነበር፤ ነፋሱ አሸዋ ይዞ መስኮቱን ይደበድባል። የዚያኑ ቀን ከምሳ በኋላ ለማታ የሚሆን ዓሣ እየፋቅሁ ሳለ ሙሉ ደወለች፣ ከኦቦክ ወደብ፣ በሻይ ቤት ዋይፋይ። ሲም ካርዷ የአገር ቤት ስለነበር በሌላ አትገኝም። ወደ የመን የሚያሻግራት ጀልባ ሊነሳ ነው።

«እታለም፣ ደህና ሁኚ ልልሽ ነው።»

«የምን ደህና ሁኚ! ሥራ…»

ተቋረጠ። ሥራ አግኝቼልሻለሁ፣ ጎረቤታችን ማዳም ትፈልግሻለች ልላት ነበር! ደጅ ወጣሁ። ዘበኛውም ጫቱን ትቶ «ኢንተርኔት ጠፋ» እያለ ስልኩን ይረግማል። ያኔ የቁርሱ ወሬ ትዝ አለኝ። የዓሣ ቢላዬን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

«ሙሴ! የላኩት ነገር ኢንተርኔቱን ገደለው!»

«አይመስለኝም» አለ ቢላዋውን እያየ። የእሱ መስመር ለብቻው ስለሆነ ይሠራል። «ችግር ያየ እንዲጽፍልን የኢሜይል አድራሻ አስቀምጠናል፤ ማንም አላማረረም። ደግሞ ከተማው የሚተኛበትን ሰዓት መርጬ ነው።»

«መቼ ተኛ! ጫቱን ይዞ፣ ስልኩን ይዞ ነው የተጋደመው! ኢንተርኔት የጠፋበት ሰው ኢሜይሉን በምን ይላክልዎት? በርግብ?»

ፊቱ ነጣ። ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ መልእክቱን ከዓለም ላይ ሰበሰበው። ለካ አንዳንዶቹ ማሽኖች ምልክቱን ባዩ ቁጥር እየጠፉ እንደገና ይነሱ ነበር። ጠበቅን። ጀልባው ብቻ ነው የሚታየኝ።

ስልኬ ጮኸ!

«እታለም፣ ሰው እየጫኑ ነው፣ ቶሎ በይ!»

«አትሳፈሪ! ሥራ አለሽ፣ እዚሁ ጎረቤቴ!»

«ማዳሟ ክፉ ናት?»

«ክፉ ናት! ከባሕር ግን አትብስም፤ ነይ!»

መጣች። ሙሴም ከኢሜይሉ ሥር ስልክ ቁጥሩን ጨመረ።

ዝም ያለ ሰው ሁሉ ደህና እንዳልሆነ የተማርኩት ያን ቀን ነው። ሙሉ ስለዚያች ማዳም እስከ ዛሬ ታማርርብኛለች። ታማርር። ድምጿ ይሰማኛል።