ግድግዳ ለመውጣት እናቴን ጠራሁ

ዛሬ እንጅባራ ስፖርት አዳራሽ ውስጥ እኔ በገመድ ታስሬ ለስፖርት የተሠራውን የመውጫ ግድግዳ ስወጣ፣ እናቴ ከታች በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ትጸልይ ነበር። ይህ "በአዋቂ ክትትል" ይባላል።

የአዳራሹ ደንብ ግልጽ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላውና የገመድ አስተሳሰር ፈተና ያለፈ ሰው ያለ ጠባቂ ይወጣል። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ፈተናውንም አልፌያለሁ።

አብረውኝ የተፈተኑት ወንዶች ምንም ሳይባሉ ገቡ። እኔን አስተናባሪው "አንቺ ሰው ይዘሽ ነይ" አለኝ።

"ይሄ ደንቡ ላይ የታለ?"

"ሴት ልጅ ብትወድቅ ቤተሰብ የሚጠይቀው እኔን ነው።"

ወንድ ልጅ ሲወድቅ ማን እንደሚጠየቅ አልነገረኝም።

ለእናቴ ደወልኩላት፤ በባጃጅ መጣች። ግድግዳውን ቀና ብላ አየችና "ወንድሜ፣ እኔን ደረጃ እንኳ ያዞረኛል። ገመድ ማሰርም አላውቅም። ምኑን ነው የምጠብቃት?" አለችው።

"ግዴለም እናቴ፣ እዚያ ቁጭ ይበሉልኝ ብቻ።"

ወደ ቤት ስንመለስ "ነገ እኔን እንዳትጠሪኝ" አለችኝ።

አልጠራትም። ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ካላስገባኝ፣ የከለከለበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቀዋለሁ።

የሚጠየቀውን ሁሉ አሟልታችሁ ከበር የተመለሳችሁ ሴቶች፣ የት እንደሆነና ምን እንደተባላችሁ እዚህ ጻፉልኝ።