ቀይ ሳይደርስ

ጋሽ ሜትር ያልነው ወንዙን ሲለካ ሃያ ስድስት ዓመት ስለሞላው ነው። ጠዋትና ማታ ይወርዳል፣ ውሃው ዳር ላይ ከቆመው ብረት የቱ ቁጥር ጋ እንደደረሰ ያያል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ቢሮ ይደውላል። ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ፤ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ። «እንዴት አደርሽ» ይላል፣ ቁጥሩን ይነግረኛል፣ ይዘጋል። ወሬ የሚባል ነገር አያውቅም። ሚስትም ልጅም የለውም። ያለችው ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ እሷም ሴት ልጇ አግብታ ከሄደች ወዲህ ብቻዋን ታችኛው ሰፈር፣ ውሃው አፍ ላይ ነበር የምትኖረው። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ከአልጋዋ ደጃፏ ድረስ ሁለት ሰው ደግፎ ነው የሚያወጣት። ጎርፍ ቢመጣ እሷን ለማትረፍ ወሬው ቀድሞ መድረስ ነበረበት። ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ወንዙ ሦስት ሜትር ሲሞላ ታችኛው ሰፈር ይገባል። ይህን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ የጎርፍ አደጋ መቀነሻ የሚባል ፕሮጀክት መጣልን። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተቀባ አዲስ መለኪያ ብረት ሰጠን፤ ቀዩ ከሦስት ሜትር ይጀምራል። በእጅ የሚዞር ሳይረንም ተጨመረበት። ዕቃው ጥሩ ነበር፤ ክፉዎቹ እኛ ነን። ለምርቃት የሚመጡት እንግዶች ጫማቸውን ጭቃ እንዳይነካው ሲባል አለቃችን ብረቱን አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ ደረቅ መሬት ላይ አስተከለው። ዜሮውም አብሮ ከፍ አለ። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳ፣ እንግዶቹ ሄዱ፣ ብረቱ እዚያው ቀረ።

በጋ ሲገባ ውሃው ብረቱን ጭራሽ አልነካው አለ። ጋሽ ሜትር ምን ይጻፍ? ወንዙ ከፊቱ እየፈሰሰ «ውሃ የለም» ብሎ ጻፈ። ዋናው መሥሪያ ቤትም ደብተሩን አምኖ ወንዛችን ደርቋል የሚል የድርቅ ሪፖርት አወጣ። እኛ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ማልቀስ የነበረብን ያኔ ነው።

ከዚህ በኋላ፣ ክረምት ሲገባ፣ ሰውየው ባነበበው ላይ አንድ ሜትር እየደመረ መጻፍ ጀመረ። አለቃው አስጠራው።

«ብረቱ ስንት ይላል?»

«አንድ ከሃምሳ። ግን ከፍ ብሎ ስለተተከለ ነው እንጂ…»

«ደምርልን ያለህ አለ? ያየኸውን ጻፍ!»

በዚያው ክረምት ብረቱ ሁለት ሊል ትንሽ ሲቀረው፣ ገና ቢጫው ላይ፣ ሳይረኑን አዞረው። ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ወጣ፣ እህቱንም አወጧት። ውሃው ግን ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ። አለቃችን እንግዲህ ሰበብ ያገኘ መሰለው። «ሕዝብ አሸብረሃል፤ ዳግመኛ ቀይ ሳይደርስ ብታዞር ከሥራ ትሰናበታለህ» የሚል ደብዳቤ አጻፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ፊደል እንኳ አልሳትኩም።

በዓመቱ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ዘንቦ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደወለ። እንዴት አደርሽም አላለኝ።

«አንድ ከሰባ ነው። ሲደመርበት ሁለት ከሰባ። ላዙረው?»

አለቃችን ሌላ ከተማ ስብሰባ ላይ ነበር፤ አደጋን ስለመከላከል ነው ስብሰባው። ደወልኩለት። «ቀይ ነው?» አለኝ። «አይ፣ ቢጫ ነው» አልኩ። «ታዲያ ምን ታስጨንቂኛለሽ?» ብሎ ዘጋው።

ለጋሽ ሜትር «አዙረው» ማለት እችል ነበር። «ደብዳቤውን ታውቀዋለህ» አልኩት።

በግማሽ ሰዓቱ ደውሎ ሁለት ከአስር አለኝ። እኔም ያንኑ ደገምኩለት። ከዚያ ወዲያ አልደወለም። ሳይረኑን የሰማሁት እኔም እንደ ሌላው ሰው በመስኮት ነው። ውሃው ሰፈሩ ገብቶ ስለነበር የእህቱ ጎረቤቶች ጣሪያ ላይ ወጡ። እሷን ግን ማን ይሸከማት? ሁሉም የየራሱን ልጅ ይዞ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ተሰብስበን ሳለ አለቃችን መጣ። ከጋሽ ሜትር አጠገብ ተቀመጠና ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ማስጠንቀቂያው እኮ ቀይ ሳይደርስ ነው የተሰጠው። በሪፖርታችን አመስግነነዋል» አለ።

የሟች ልጅ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። አለቃውን ዞር ብላም አላየችው።

«አጎቴ፣ ስታዞረው ስንት ይል ነበር?»

«ሁለት ከአርባ።»

«ሲደመርበትስ?»

ወደ እኔ ዞሮ አየ። መሬት መሬቱን አየሁ።

«ሦስት ከአርባ» አላት።

«የእናቴ ደጃፍ ሦስት ላይ እንደሆነ፣ በልጅነቴ እጄን ይዘህ ወንዝ ዳር እየወሰድክ ያስተማርከኝ አንተ ነህ» አለችው። ከዚያ ወዲያ አጎቴ ብላ ጠርታው አታውቅም።