አባዬ ያወጣው ቴርሞስታት

ባለፈው ሳምንት ከመርካቶ ስመለስ የተሳፈርኩባት ታክሲ ዳገቱ ወገብ ላይ ፈላችና ቆመች። ሾፌሩ ወጣት ነው። ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎቱን በካርቶን እያራገበ፣ «ይቅርታ እናቴ፤ ቴርሞስታቷን ሳይቀር አስወጥቼላት ነበር፣ አሁንም አልበረደችም» አለኝ። ሳቅኩ። ከባለቤቴ ከሙላት ሞት ወዲህ ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። «መልሰህ አስገጥመው፤ ምናልባት የምትፈላው እሱ ስለሌላት ይሆናል» አልኩት። ጥቁር የለበሰች ሴት ይህን ከየት አመጣችው ብሎ ይመስለኛል፣ ካርቶኑን እንደያዘ ቆሞ አየኝ። ከየት እንዳመጣሁት ለመጻፍ ከተቀመጥኩ ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ነገሩ የሆነው ደርግ በወደቀ በሁለት በሦስት ዓመቱ ነው፤ እኔም ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባዬ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቅ ነበረው፤ ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ደግሞ መኪና ይጠግናል። እኔ ባንኮኒው ላይ እቀመጣለሁ። ግቢው ውስጥ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያያት አንዲት ቀይ መኪና ነበረችው፤ ባለሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ የድሮ የጣሊያን ስፖርት መኪና። ባለቤቷ አገር ለቆ ሲሄድ ነው የገዛት። በደርግ ጊዜ ዓይን እንዳይበዛባት በሸራ ሸፍኖ አኖራት፤ ጊዜው ሲለወጥ ሸራውን ገፈፈ። ምኞቱ አንድ ነበር፤ ሳትቆም እንጦጦ ጫፍ ድረስ ሊወጣባት።

አልሆነለትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ይነሳል፤ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ይነካል፤ አባዬ በጄሪካን ውሃ እየጨመረ፣ እየቆመ እየሄደ ይመለሳል። ጎረቤታችን ጎማ ሻጩ ሐጂ ከማል በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

«ዘውዴ፣ ዛሬስ ለስንት ሰው ሻይ አፈላህ?»

«ላንተ የሚተርፍ የለም» ይላል አባዬ፣ ሳያያቸው።

ሙላትን የጠራው ያን ጊዜ ነው። ሙላት ከእኛ ሁለት ሱቅ አለፍ ብሎ ራዲያተር የሚበይድ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ራዲያተሩን አውርዶ አጠበው፤ ቀዳዳውን በየደ፤ ምን አለሽ ተራ ሄዶ ቆርቆሮ አስቆርጦ፣ ነፋሱ እንዳይበተን በማራገቢያው ዙሪያ ክፈፍ ሠራለት። በመሀሉ ብሎን ጎደለኝ፣ ጎማ ጎደለኝ እያለ ወደ ባንኮኒው ይመጣል። ወሩ ኅዳር ስለነበር የባቄላ እሸት በጋዜጣ ጠቅልሎ ያስቀምጥልኛል፤ ጣቶቹ ከሳሙና በኋላም የብየዳ ሽታ አይለቃቸውም ነበር። ክፈፉ ሲያልቅ እኛም የምንባባለውን ተባብለን ጨርሰን ነበር። ለሚመጣው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ሐጂ ከማልን ለመነ።

መኪናዋ ግን አሁንም ትፈላለች።

ሐሙስ ጠዋት ሙላት ሱቅ ገባና፣ «ጋሼ ያወጧቸውን ቴርሞስታቶች የት ነው የሚያስቀምጡት?» አለኝ። ቴርሞስታት ማለት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የሚቀመጥ፣ ውሃው ሲሞቅ የሚከፈት ትንሽ የናስ በር ነው። አባዬ እጁ ከገባች መኪና ሁሉ ይህን በር ያወጣ ነበር። «ይህ ለፈረንጅ ብርድ ነው፤ ለእኛ ፀሐይ ምን ያደርጋል? ውሃው ይሂድበት» ይላል። ሶማሌ ተራ በሙሉ ከእሱ ተምሮ እንደዚያው ያደርግ ነበር። ያወጣቸውን የሚያኖርበትን ጣሳ ሰጠሁት። ሙላት የቀይዋን ለይቶ፣ ለሻይ በጣድኩት ውሃ ውስጥ ጨመረው። ውሃው ሲንተከተክ ትንሿ በር ቀስ ብላ ተከፈተች።

«ደህና ነው፤ ይሠራል» አለ። «እዚች መኪና ላይ ይህ ሲከፈት፣ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ሌላ መንገድ ይዘጋል። ስለወጣ ትኩሱ ውሃ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ሲዞር ይውላል። አባትሽ ናቸው ያቃጠሏት።»

«ከእሑድ በኋላ ንገረው» አልኩት።

«ከነገ ወዲያ እንጦጦ ሊወጡባት ነው። አንዴ ደግማ ከፈላች የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ይጣመማል። ለሷ የሚሆን ሌላ አገር ውስጥ አይገኝም።»

«ይጣመም። እኔ እበልጣለሁ ወይስ መኪናዋ?»

«አንቺ ነሽ እንጂ። ግን ዛሬ ዝም ብያቸው እሑድ ሽማግሌ ብልክባቸው፣ ሰኞ በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ይህን እንዳለ አባዬ ገባ። ድስቷን አየና፣ «ምን እየቀቀላችሁ ነው?» አለ።

«ቴርሞስታት ነው ጋሼ።»

«ጨው እንዳትረሱ።»

ሙላት አልሳቀም። ለእኔ የነገረኝን አንድ ቃል ሳያጎድል ነገረው። አባዬ እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ በማንኪያ ከውሃው አወጣው፤ እፍ እፍ ብሎ አቀዘቀዘው፤ ኪሱ ከትቶ ወጣ። ያን ቀንና አርብን አባዬ ለሙላት ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አላናገርኩትም። አርብ የባቄላው እሸት ሳልነካው ጠወለገ።

ቅዳሜ ማለዳ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አባዬ ሙላትን አስጠራና ቴርሞስታቱን ዘረጋለት፤ «ግጠመው» አለ። ሲጨርስ ሦስታችንም ተሳፈርን፤ እኔ ለዕቃ እንጂ ለሰው ባልተሠራው የኋላ ወንበር ጉልበቴን አገጬ ሥር አጥፌ። ዳገቱ ተጀመረ። መርፌው ወጣ፣ ወጣ፣ መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ። አየሩ እየቀዘቀዘ ባሕር ዛፉ ሲሸት፣ ሦስታችንም ከመርፌው በቀር ያየነው ነገር የለም። ጫፉ ላይ አባዬ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ኮፈኑን ከፍቶ መዳፉን ራዲያተሩ ላይ አሳረፈ።

«ስንት መኪና ላይ ነው ያወጣሁት?» አለ።

«ሁሉም እንደዚች አይደሉም ጋሼ፤ ብዙዎቹ ላይ ጉዳቱ ትንሽ ነው።»

«አታባብለኝ።»

«እሺ» አለ ሙላት። «አንዳንዶቹን ጎድተዋቸዋል።»

አባዬ ራሱን ነቀነቀና ኮፈኑን ዘጋ።

በማግስቱ ሐጂ ከማል ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ወጉ እንደሆነ ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀኑ እሺ አይባልም፤ «እንምከርበት፣ ተመለሱ» ይባላል። ሐጂም ለሦስት ምልልስ ተዘጋጅተው ነው የመጡት። ገና ነገሩን ሲጀምሩ አባዬ፣ «ልጁ ሙላት ከሆነ ሰጥቻለሁ» አላቸው። እናቴ፣ «ለወጉ እንኳ አንዴ ብትመልሳቸው ምን ነበረበት? ልጄን ፈላጊ ያጣች አስመሰልካት» ስትል ዓመታት ኖረች። አባዬ መልሱ አንድ ነበር። «ስህተቴን ፊቴ ላይ ለመናገር እሑድ እስኪያልፍ ያልጠበቀ ልጅ ነው። እሱን ምን አመላልሰዋለሁ?»

ከሙላት ጋር ሠላሳ ዓመት ኖርን። የማልወደውንም ቢሆን ያወቀውን ይነግረኝ ነበር፤ ተኮራርፈንበታል፣ ለምጄዋለሁም። አምና ሲታመም ሐኪሙ እኔን ብቻ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። ከልጆቹ ጋር ተማክረን፣ እንደማንኛውም የአገራችን ሰው፣ ለበሽተኛው ላለመንገር ተስማማን። ጨጓራ ነው አልነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ሳለን፣ «ሐኪሙ ምን አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ትድናለህ ብሎኛል» አልኩት። ፊቴን ትክ ብሎ አየው። «እሺ» አለና ብርቱካን እንድልጥለት ጠየቀኝ። ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ያን ቀን ያመነኝ መስሎኝ እፎይ ብዬ ነበር። አሁን፣ ሌሊትም ቀንም ሳስበው፣ እንደማይድን አውቆ እንደነበር ይገባኛል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያወቀውን ሳይነግረኝ የቀረው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያንንም ያደረገው ለእኔ ብሎ ነው።