ከጓንዡ እስከ አንዋር፣ ያልመሸ ቀን

ወደ ቻይና የሄድነው ለልብስ ሰፊዎች የምንሸጠውን ዚፕና ክር ልናመጣ ነው። አብረውኝ የተጓዙት ጋሼ ሸምሱ አንዋር መስጊድ አጠገብ የሱቅ ጎረቤቴ ናቸው። ወሩ ረመዳን ስለነበር እኔ እየበላሁ፣ እሳቸው እየጾሙ ገበያውን ስንዞር ሰነበትን።

ጓንዡ፣ ሊነጋ ሲል

በመመለሻችን ቀን ጋሼ ሱሁራቸውን፣ ማለትም ጾመኛ ከንጋት በፊት የሚበላውን፣ በዳቦና በእንቁላል አደረጉ። ከዚያ ለባለቤታቸው ለእትዬ ዘይነባ ደወሉ። አዲስ አበባ ገና እኩለ ሌሊት ነው።

«ይኸው ዛሬም ብቻዬን በላሁ። ብቻ መብላት ደግሞ አይዋጥም» አሏቸው።

«አይዞዎት፣ አውሮፕላን ላይ ያፈጥራሉ» አልኳቸው እኔ አዋቂው። «ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ አሥር ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከተነሳን ሳናርፍ ይመሻል።»

አየር ላይ

የጋሼ ሰዓት አሁንም በቻይና አቆጣጠር ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል ሲል አንድ ተምር ከኪሳቸው አወጡ። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ግን ዓይን ይወጋል።

«የታለ ያልከው ምሽት?»

«ተሳሳትኩ ጋሼ። ወደ ምዕራብ ስንበር ለካ ቀኑ በአምስት ሰዓት ይረዝማል።»

«አሁን ነው የምትነግረኝ?»

«ለመንገደኛ መብላት ይፈቀድ የለም እንዴ?»

«ይፈቀዳል። ዘይነባ እየጾመች ግን እኔ አልቀምስም።» ተምሩን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ከንፈራቸው ደርቋል። አስተናጋጇ ሩዝ በዶሮ ስታቀርብልኝ አፈርኩ፤ አፍሬም በላሁት።

ቦሌ

ስናርፍ በእኛ ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ሻንጣና ፍተሻ ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደብን። ባለ ላዳው ሁለት መቶ ብር ሲል ጋሼ ሳይከራከሩ ገቡ። የመርካቶ ነጋዴ ዋጋ ሳይከራከር ሳይ ያን ጊዜ ፈራሁ፤ ሰውዬው እጄ ላይ እንዳይወድቁ። ተክለ ሃይማኖት ጋ መንገዱ ተጨናንቆ ብዙ ቆምን። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ወንበሩን ተደገፉ።

አንዋር ሰፈር

በራቸው ላይ ስንደርስ የማፍጠሪያው የመግሪብ አዛን ተሰማ። እትዬ ዘይነባ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሊነሱ ቢሞክሩ ጉልበታቸው ከዳቸው።

«ምን ሆንሽ? አምስት ሰዓት ትርፍ የጾምኩት እኔ ነኝ!» አሉ ጋሼ።

«ብቻዬን በላሁ ስትለኝ አላስቻለኝም። ስልኩን እንደዘጋሁ፣ በእኩለ ሌሊት፣ እኔም ሱሁሬን በላሁ። ከዚያ ወዲህ ውሃም አልቀመስኩ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ?» አሉ ጋሼ፤ እንባቸው መጣ። ያንን ተምር ከኪሳቸው አውጥተው ለሁለት ከፈሉት።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ በረራው ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጠየቀችኝ። አሥር ሰዓት ተኩል ልላት ነበር፤ ተውኩት። መጀመሪያ እራት በልታ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አንተ ሳትመጣ?» አለችኝ።