የብርነሽ የማለዳ እንግዶች

ብርነሽ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ባለችው ጠባብ ፀጉር ቤቷ ሹሩባ ትሠራለች። ጣቶቿ ሲሮጡ ወሬዋም አብሮ ይሮጣል። ባለፈው ዓመት የአንጀት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ክፍል ስትገባ እንኳ፣ ማደንዘዣ የምትሰጣትን ሐኪም “ስነቃ ፀጉርሽን እሠራልሻለሁ” ብላ ነው የተኛችው። ሠራችላትም።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ለምርመራ ደም ትሰጣለች። ዕጢው ወደ ደም የሚለቀው ነገር አለ፤ ላቦራቶሪው ሲኢኤ ይለዋል፣ ብርነሽ ደግሞ “ወሬ አቀባዩ”። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ነበር፤ ዕጢው ሲወጣ ወረደ። ዶክተሩ “እንዲህ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ተስፋው ጥሩ ነው” አሏት። ባለፈው ምርመራ ግን እንደገና ትንሽ ወጣ።

“ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፤ ሌላ ሕመምም ከፍ ያደርገዋል” አሉ ዶክተሩ። “ካንሰሩ ተመልሶም ሊሆን ስለሚችል ግን ደሙን እንድገመው፤ ስካንም እንጨምር።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርነሽ ሹሩባውን መሃል ላይ ይዛ ዝም ማለት አመጣች።

ውጤቱ የደረሰው በልጇ በሚልካ ስልክ ነው። ሚልካ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ተማሪ ናት። እናቷ ደክሟት በጊዜ ተኝታ ስለነበር፣ ወደ በረንዳ ወጥታ ለቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ለጋሽ አወቀ ደወለች።

“ጋሽ አወቀ፣ በስልክ አልነግርዎትም። ነገ ማለዳ፣ እማዬ ሥራ ሳትሄድ፣ ቤት ይምጡ። ሰውም ይዘው ይምጡ። ፕሊዝ፣ ለእሷ እንዳይደውሉ!”

ይህን የሰማ አበሻ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርዶ። ጋሽ አወቀ ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቁም።

ሲነጋጋ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለው የፎቃችን ደረጃ በጋቢና በነጠላ ተሞላ። ጋሽ አወቀ ከፊት ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ይዘዋቸው የመጡት እትዬ ሙሉነሽ ፀጉራቸውን ለለቅሶ ፈትተው፣ መሃረብ ጨብጠው ይከተላሉ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቷ እኔም ሲያልፉ አይቼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ።

ብርነሽ በሩን ከፍታ ፊታችንን አየች።

“ማን ነው? እናቴ ናት?”

“በመጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ልጄ” አሉ ጋሽ አወቀ።

“ወይስ... የእኔ ነው? ውጤቴ ነው?”

ጋሽ አወቀ ምን ይበሉ? ምንም አያውቁም። “እግዚአብሔር ያጽናሽ” አሉ። ይህን ጊዜ እትዬ ሙሉነሽ ለቅሶውን ለቀቁት። ብርነሽ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

“ሰርፕራይዝ!”

ሚልካ ነበረች፤ ሻማ የበራበት ኬክ ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ። እያየችን ቆመች።

“ማን ሞተ?”

“አንቺ አይደለሽ የምታውቂው!” አሉ ጋሽ አወቀ።

“ኧረ ማንም አልሞተም! የእማዬ ውጤት መጥቶ ነው። ቁጥሩ ወርዷል፣ ኖርማል ነው! ስካኑም ክሊር! ዶክተሩ ክትትሉ ይቀጥላል፣ ግን በጣም ደስ የሚል ነው ብሎ ጽፏል።”

“ታዲያ ይሄ በስልክ አይነገርም?”

“በስልክ ምኑ ደስ ይላል?”

“አንቺ ልጅ!” አሉ እትዬ ሙሉነሽ። “ያን ሁሉ እንባ በከንቱ!”

መጀመሪያ የሳቀችው ብርነሽ ናት። “ሆዴን! ኧረ ሆዴን!” እያለች ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ከዚያ አለቀሰች፤ ልጇን አቅፋ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። እትዬ ሙሉነሽ እልልታውን ሲያቀልጡት የላይኛው ፎቅ ጎረቤት በመስኮት ብቅ ብሎ “ሃሩሲ?” አለን፤ ሠርግ ነው ወይ ማለቱ ነው።

“ከሠርግም ይበልጣል!” አለችው ሚልካ በስዋሂሊ።

ጋሽ አወቀ ጸሎት አደረሱና ጋቢያቸውን እንደለበሱ ኬክ ደገሙ። ብርነሽ ማበጠሪያዋን አምጥታ እትዬ ሙሉነሽን ፊቷ አስቀመጠቻቸው።

“በእኔ ምክንያት ፈትተውት እንዲህ አይሄዱም።”

ሹሩባውን ከግንባራቸው ጀመረችው። ወሬውንም ጀመረች። እስከ ማጅራታቸው ድረስ ጣቶቿ አንዴም አልቆሙም።